ሙሽራ መመለሻ አትይዝም

በገበያ ቀን የዲላ ጨርቅ ነጋዴ ወገቡ እስኪቆረጥ ይለፋል። ገበሬው ከባንኮ ጎቲቲ መንደር ቡናውን ሸጦ ይመጣና «ያንን ብርድ ልብስ አውርደው» ይላል። ይወርድለታል። «ዘርጋው» ይላል፤ ይዘረጋለታል። ወደ ብርሃን ያስወጣዋል፣ ያስገለብጠዋል፣ ይደባብሰዋል፣ ሚስቱን ጠርቶ ያስደባብሳታል። ከዚያ «እስቲ ዞር ብዬ ልምጣ» ብሎ ውልቅ! ዞር ብሎ የሚመጣው ከስንት አንዱ ነው። የተዘረጋው ሁሉ ግን ተመልሶ መታጠፍ አለበት። ብርድ ልብስ ደግሞ፣ ሞክራችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ ለብቻ አይመችም። አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሆኖ ጫፍና ጫፉ ይያዛል፣ ይወጠራል፣ ይራገፋል፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ መሀል ተራምደው ጫፉን ከጫፍ ያገናኙታል።

ለፈድሉ ሌላኛውን ጫፍ የምትይዝለት ልጁ ሀጅራ ነበረች።

ፈድሉ ከጉራጌ አገር ዲላ የገባው በጎረምሳነቱ፣ ከአጎቱ ጋር ሊነግድ ነው። እዚሁ አገባ፣ እዚሁ ወለደ፣ ሚስቱንም እዚሁ ቀበረ። እናቷ ስትሞት ሀጅራ ገና የወተት ጥርሷ አልተነቀለም። ዘመድ ወዳጅ «አግባ እንጂ! ወንድ ልጅ እንዴት ብቻውን ይኖራል?» እያለ ቢጨቀጭቀው «በልጄ ላይ የእንጀራ እናት አላመጣም፤ በቃ» አለ። ፈድሉ በቃ ካለ በቃ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ግትር ነው። ልጅቱ በጨርቅ ጥቅል መሀል እየተኛች፣ በሜትር እየተጫወተች አደገች። ቁመቷ ባንኮኒው ላይ ሳይደርስ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆማ ጫፍ መያዝ ጀመረች። ወደ መሀል ተራምደው ሲገናኙ አባቷ አፍንጫዋን ቆንጠጥ ያደርጋታል፤ እሷ ትፍለቀለቃለች። ካደገች በኋላ መቆንጠጡ ቀረ። ፈገግ መባባሉ ግን አልቀረም።

ፈይሰል የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። በሱዳን አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ስንቱን መከራ አይቶ ስዊድን ገባ፤ ወረቀትም አገኘ። ሚሊኒየሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ክረምት ለእረፍት መጣና ሽማግሌ ላከ። ሀጅራም ልቧ ከእሱ ጋር ስለነበረ አላንገራገረችም። ኒካህ ታሰረ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ሙሽራው ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሙሽሪት መኖሪያ ፈቃዷ እስኪወጣ እዚሁ ትጠብቃለች ተባለ። እሷም ጠበቀች። አንድ ረመዳን አለፈ። ሁለተኛው ሊገባ ሲል ፈይሰል ደወለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ፈቃድ የሚሉት ነገር ማለቂያም የለው። ደግነቱ የጉብኝት ቪዛ ተሰጥቷታል። በእሱ ትግባና ሌላውን እዚህ ሆነን እንጨርሳለን።»

«መልካም፣ ኢንሻአላህ» አለ ፈድሉ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆመ። አባት ልጁ ባሏ ጋ ስትሄድ ደስ ሊለው ይገባል። ደስ ይለው ዘንድ ብዙ ታገለ፤ እምቢ አለው።

ለትኬት አዋሳ ሄዱ፣ አባትና ልጅ። የትኬት ወኪሉ ሙሉጌታ የሚባል ትሑት ሰው ነበር።

«ጋሽ ፈድሉ፣ ደርሶ መልስ ልቁረጥላት» አለው። «የምትገባው በጉብኝት ቪዛ ነው። ጎብኚ ደግሞ ተመላሽ ነው፤ መመለሻሽን አሳዪ ማለታቸው አይቀርም።»

ፈድሉ ብድግ አለ። ፊቱ ደም መሰለ።

«ስማኝ ልጄ፣ እኔ የዳርኳት እኮ ነው! በእኛ አገር ሙሽራ ከአባቷ ደጅ ስትወጣ ዞራ አታይም። ዞራ ካየች ትዳሯ አይጸናም፤ አያቶቻችን ያዩትን ነው የነገሩን። አንተ ዞራ ማየቷ አንሶህ መመለሻ በእጇ አስይዛት ትለኛለህ? ሟርተኛ! ሙሽራ መመለሻ አትይዝም!»

«ሟርት አይደለም ጋሼ፣ የአገሩ ደንብ ነው…»

«የአገሩ ደንብ ለአገሩ ሰው። መሄጃ ብቻ ቁረጥ አልኩህ፤ በቃ።»

ሙሉጌታ ወደ ሀጅራ ዞሮ አየ። ሀጅራ አቀረቀረች። እውነቱን ለመናገር እሷም ፈርታ ነበር። የአባቷን ቁጣ አይደለም የፈራችው፤ መመለሻ በቦርሳዋ ይዛ ትዳር መጀመር እሷንም ቀፏታል። መሄጃ ብቻ ተቆረጠ።

የሽኝቱ ዕለት ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፣ ዱዓ ተደረገ፣ በግ ታረደ። ሀጅራ ቀሚሶቿን አውጥታ ለጓደኞቿ አከፋፈለች። «እዚያ ብርድ አገር ምን ይሠሩልኛል? ልበሷቸውና አስታውሱኝ» አለች። በጎረቤት ሱቅ ሳህንና ብርጭቆ የምትሸጠው ገነት፣ አፏ ሥራ የማይፈታው፣ ያን ቀን ግን ጥርሷን ነክሳ እያለቀሰች የሀጅራን ሻንጣ መኪናው ድረስ አደረሰችላት።

ሀጅራ የአባቷን ጉልበት ስማ መኪናው ውስጥ ገባች። ዞራም አላየች። መኪናው የአዲስ አበባን መንገድ ይዞ እስኪሰወር ፈድሉ ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ። ዞራ ባለማየቷ ኮራ። ደግሞ ከፋው፤ አንዴ እንኳ ብታየኝ ምን ነበረበት አለ በልቡ።

በማግስቱ ሱቁን ከፈተ። አንድ ሰው መጣ፣ ሦስት ብርድ ልብስ አዘርግቶ ሄደ። ፈድሉ አንዱን አንሥቶ በልማድ ጫፉን ወደ ፊት ዘረጋ። የሚቀበለው የለም። ቆም አለና ከመሳቢያው ምስማር አውጥቶ ምሰሶው ላይ መታ። ጫፉን እዚያ እያንጠለጠለ ማጠፍ ጀመረ። ያስኬዳል። ነገር ግን ምስማር ወደ መሀል ተራምዶ አይመጣም፤ ሁልጊዜ ተራማጁ እሱ ነው።

ሳምንት እንኳ አልሞላም። አንድ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ መጥታ ሱቁ ፊት ቆመች። ሀጅራ ወረደች። ሻንጣዋ እጀታ ላይ የአውሮፕላኑ ወረቀት እንደተለጠፈ ነው።

ፈድሉ «ቢስሚላህ!» ብሎ ከመቀመጫው ተስፈነጠረ። «ምነው? ፈይሰል ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። አላየሁትም አባዬ» አለች። «ከመስተዋት ወዲያ ነበር፤ አላስወጡኝም።»

ከዚያ ታሪኩን ነገረችው። አዲስ አበባ ስትሳፈር ትኬቷን ያየችው ሴት መመለሻውን ብትጠይቃት «ባለቤቴ እዚያ ይጠብቀኛል» ብላ አለፈች። እዚያ ስትደርስ ግን ፓስፖርት የሚያየው ሰው ወደ ጎን አስቀመጣት፤ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰውም በስልክ አቀረቡላት። «ለጉብኝት ነው የመጣሽው?» አሏት። ሀጅራ ውሸት አታውቅም። አባቷ አላስተማራትማ። «ጉብኝት ምንድነው፤ ቤቴ ነው የመጣሁት፤ ባሌ ውጭ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው» አለች። «መኖሪያ ፈቃድ አለሽ?» «እዚህ ሆነን እንጨርሰዋለን።» «መመለሻ ትኬትሽስ የታል?» ይሄኔ ሀጅራ ቀና አለች። የአባቷን ቃል አንድም ሳታጓድል «ሙሽራ መመለሻ አትይዝም» ብላ መለሰች። አስተርጓሚው «እንዲሁ ልተርጉመው እህቴ?» ብሎ ጠየቃት። «እንዲሁ ተርጉመው» አለችው፣ ኮራ ብላ። እንዲሁ ተረጎመው። ያመጣት አየር መንገድ በተከታዩ በረራ መለሳት።

ወሬው ከሱቁ ደጅ ሳይወጣ ገነት ደርሳ ሀጅራን አቅፋ አለቀሰች። ለቅሶዋ ሳያልቅ አፏ ቀደማት።

«አየህ አንተ ፈድሉ! አንተ መመለሻውን ብትነፍጋት ፈረንጅ በነጻ ሰጣት!»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄው ነው። ልጄን አይመልሱብኝ ብሎ የከለከለው ትኬት እሱው መመለሻዋ ሆነ። ገነት ከሄደች በኋላ ፈድሉ «በእኔ ግትርነት ነው» ብሎ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ሀጅራ «ተወው አባዬ፣ አላህ ያላለው ነው» አለች፤ ዓይኗን በሻርፗ ጠረገችና ዙሪያዋን አየች። ምስማሩን አየችው። ብርድ ልብስ ተንጠልጥሎበታል። ጫፉን ከምስማሩ አወለቀችና ይዛ ቆመች። ፈድሉ ተነሥቶ ሌላኛውን ጫፍ ያዘ። ወጠሩ፣ አራገፉ፣ ወደ መሀል ተራመዱ።

ያን ጊዜ ነው የፈድሉ ልብ የከዳው። ደስ አለው! ልጁ ባሏን ሳታይ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ከባዕድ አገር ደጅ ተመልሳ እያለ፣ የእሱ ልብ በደስታ ዘለለ። አስተግፊሩላህ፣ ማረኝ ጌታዬ አለ። ማንም እንዳያይበት ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

ዲላ ያየችውን አትሸሽግም፤ ያላየችውን ደግሞ ትፈጥራለች። «ባሏ ሲያያት አልወደዳትም» አለ አንዱ። «ሌላ ሚስት ይዞ አገኘችው» አለ ሌላው። ወሬው ከቡና ገዥዎች ጋር አሪቻ መንደር ድረስ ወጣ። ሀጅራ መጀመሪያ አካባቢ «ወረቀት ነው፣ ወረቀት!» እያለች አስረዳች። የሚሰማት ሁሉ «አይዞሽ፣ ያጋጥማል» ይላታል። አይዞሽ ማለት አላመንኩሽም ማለት እንደሆነ ሲገባት ማስረዳቱን ተወችው። ሰርግ ሲጠሯት ራሴን አመመኝ ትላለች። ያከፋፈለቻቸው ቀሚሶቿ በሌላ ሰው ገላ ላይ ሆነው በሱቁ ፊት ያልፋሉ። አረንጓዴዋን የወሰደችው ጓደኛዋ ሀጅራን ስታይ መንገድ መቀየር ጀመረች። «ልመልስልሽ?» ማለትም ከበዳት፣ ለብሳ ማለፍም ከበዳት። ሀጅራ ቀን ሱቅ፣ ማታ ቤት ሆነች፤ ከፈይሰል ጋር በስልክ ስታወራም ወሬያቸው ያው ነው። «ፈቃዱ መጣ?» «አልመጣም።»

ፈድሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት። ከሰላት በኋላ እጁን ዘርግቶ «ያረብ፣ የልጄን ጉዳይ አሳካላት» ይላል። አፉ ነው የሚለው። ልቡ አሚን አይልም። ልጁ ከዓይኑ ሥር እየከሳች፣ ሳቋ እየጠፋ ነው፤ ቢሆንም ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ጫፍ ያዥ አለችው። ትሂድልኝ ብሎ መለመንና ትቅርልኝ ብሎ መመኘት በአንድ ደረት ውስጥ ተያይዘው ይታገሉ ነበር። ሰው እንዴት በልጁ መከራ ይጠቀማል? ራሱን ጠላው። ለማን ይንገር? ለገነት ቢነግራት ገበያው ሁሉ ይሰማል። ለሀጅራማ እንዴት ይነገራል።

አንድ ቀን ብርድ ልብስ ሲያጥፉ ወደ መሀል መጡና እንደ ልማዱ ፈገግ አለላት። እሷ ግን አላየችውም። ዓይኗ በእሱ ትከሻ ላይ አልፎ ወደ አስፋልቱ፣ ወደ አዲስ አበባ ወደሚሄደው መኪና ነበር። ያን ዕለት የከሰዓቱን የአስር ሰላት ሲሰግድ ፈድሉ ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። «ውሰዳት» አለ፣ በጉራጊኛ፣ እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ። «እኔን ተወኝ፤ እሷን አድርሳት።» ይሄኔ ልቡም አሚን አለ።

ፈቃዱ ሲመጣ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሀጅራ ስልኩን እንደያዘች፣ በነጠላ ጫማዋ፣ ዝናቡ መሀል ወጥታ ዘለለች። «ወጣ! አባዬ ወጣ! መኖሪያ ፈቃዴ ወጣ!» ገነት ከሱቋ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እስኪበቃት ካለቀሰች በኋላ «በል እንግዲህ ዘንድሮ ሟርት ምናምን እያልክ እንዳታስቀራት!» አለችው።

አዋሳ፣ ሙሉጌታ ጋ እንደገና ሄዱ። ሙሉጌታ ወረቀቶቹን አይቶ ደስ አለው።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! አሁንማ ነዋሪ ናት። እንዳሉት የመሄጃ ብቻ ይበቃታል።»

«ደርሶ መልስ አድርገው» አለ ፈድሉ።

ሙሉጌታና ሀጅራ ተያዩ። ሀጅራ ሳቋን መያዝ አቃታት። «አባዬ! አንተ ነህ ደግሞ? ሙሽራ መመለሻ አትይዝም ያልከው ማን ነበር?»

«ደግሞ እንዳምናው መንገድ ላይ እንዳያስቀሩሽ ብዬ ነዋ! ምን ይታወቃል? ደርሶ መልስ አልኩህ እኮ፤ በቃ!»

«መመለሻው ለመቼ ይሁን ጋሼ?»

«እስከ መቼ ይቻላል?»

«እስከ ዓመት ነው።»

«እንግዲያው ለመጪው አረፋ ዋዜማ» አለ ፈድሉ። ቶሎ አለው። ተዘጋጅቶበት ነበር የመጣው።

በዚህኛው ሽኝት ድግስ አልነበረም፤ ቀሚስም አልታደለም። ሀጅራ የአባቷን ጉልበት ሳመች፣ መኪና ውስጥ ገባች፣ ሞተሩ ሲነሣም በመስኮቱ ብቅ ብላ ዞራ አየችው። እጇን አውለበለበች። ፈድሉ «ዙሪ፣ ወደ ፊት እዪ!» ብሎ ሊቆጣ ነበር፤ ተወው። ወደ ሱቁ ተመልሶ ምስማሩ ላይ ያለውን አቧራ ጠረገ።

ያ ዓመት ለፈድሉ ረጅም ነበር። ሀጅራ ትደውላለች፤ ደህና ነኝ፣ ቋንቋ እየተማርኩ ነው፣ በረዶ ወረደ፣ ፈይሰል ሰላም ብሎሃል ትላለች። ስለ ትኬቱ አንድም ቀን አላነሣችም። እሱም አላነሣም። ቢያነሣ ነይልኝ ማለት ይሆንበታል፤ ሚስትን ከባሏ መጥራት ነውር ነው። ነገር ግን ቀኑን ልቡ ይዞታል።

የአረፋ ሰሞን ደረሰ። አረፋ ማለት ለእነፈድሉ አገር መግቢያ ነው። የዲላ የጉራጌ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ሰው ሁሉ ስኳሩን፣ ብርድ ልብሱን፣ ለእናቱ ሻርፑን ሸክፎ ወደ ትውልድ ቀየው ይጎርፋል። ፈድሉ በሕይወቱ አረፋን ከአገሩ ቀርቶ አያውቅም። ዘንድሮ «ሥራ አለብኝ» አለ። ዘመዶቹ ግራ ተጋቡ። በአረፋ ምን ሥራ አለ?

በዋዜማው ዕለት የታጠበ ልብሱን ለብሶ መናኸሪያ ሄደ። ሰው ሁሉ ለመሳፈር ይጋፋል፤ እሱ ብቻ የሚወርዱትን ያያል። ከአዲስ አበባ አንድ አውቶቡስ ገባ። ተማሪዎች ወረዱ፣ አንዲት አሮጊት ከነልጃቸው ወረዱ፣ ጆንያ ወረደ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው ገባ። እንደማትመጣ ያውቃል፤ ብትመጣ አትደውልም ነበር? ሞኝ አይደለም። ቢሆንም የአውቶቡስ በር በተከፈተ ቁጥር ከተቀመጠበት ይነሣል።

ገነት ለሱቋ ዕቃ ልትቀበል መጥታ አየችው።

«አንተ ፈድሉ! አገር አልገባህም እንዴ? ማንን ልትቀበል ነው?»

«ጭነት ይመጣልኛል።»

ገነት አየችው፣ የተተኮሰ ሸሚዙን አየችው፣ ደግሞ አውቶቡሱን አየች። የመጣላትን ነገር ዋጠችው፤ በሕይወቷ ምናልባት ሁለተኛዋ ይሆናል። «እንግዲህ ይምጣልህ» ብላ ትታው ሄደች።

ጀምበር ስትጠልቅ ወደ ሱቁ ተመለሰ። መንገዱ ጭር ብሏል። ተዘርግቶ የቀረ ብርድ ልብስ ነበርና ጫፉን ምስማሩ ላይ አንጠልጥሎ ማጠፍ ሲጀምር ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ አገር ደውዬ ዲላ ነው ያለው አሉኝ። ለምን ቀረህ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ለአረፋ?»

የሀጅራ ድምፅ ተሰበረ።

«ዛሬ ነበር አይደል ትኬቱ? ጠዋት ሻንጣዬን አውጥቼ አልጋው ላይ አስቀምጬ ፊቱ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትምህርቱን ባቋርጥ ከመጀመሪያው ጀምሪ ይሉኛል አባዬ፤ አልቻልኩም። ፈይሰል ጥሩ ሰው ነው፤ ግን እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም። ትስቅብኛለህ እንጂ… አንሶላ አጥቤ ሳጥፍ ጫፉን የሚይዝልኝ አጥቼ በር እጀታ ላይ አንጠለጥለዋለሁ።»

ፈድሉ ምስማሩን አየ። ነይልኝ ልጄ፣ ዛሬውኑ ነይልኝ ሊል አፉ ተከፍቶ ነበር። በግድ ዘጋው።

«በደንብ ትወጥሪዋለሽ?» አላት።

«እወጥረዋለሁ።»

«ጫፉን ከጫፍ ሳታገናኚ እንዳታጥፊ። ይዛነፋል።»

«እሺ አባዬ።»

«እኔም አሁን እያጠፍኩ ነው» አለ ፈድሉ። «በይ አንቺም አምጪና እጠፊ። ስልኩን ግን አትዝጊው።»